«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!»
ባሕር ተሻግሮ ስለሚመጣው «የታደሰ» የኮምፒዩተር ዕቃ

(ከዚህ በታች ያለው ጽሑፍ ነፃ ጋዜጠኛ የሆነው ጸሐፊ በአንድ የአዲስ አበባ የኮምፒዩተር ማሠልጠኛ ለሠልጣኞችና ለወላጆቻቸው ያደረገው ንግግር ሙሉ ቃል ነው።)



ሲጋብዙኝ «ስለ ቴክኖሎጂ አንድ ነገር ጣል አድርግ» ነበር ያሉኝ። እኔ ግን መሐንዲስ አይደለሁም። በዲፕሎማ የተመረቅሁ፣ በአንዱ ጋዜጣ በር ገብቼ በሌላው የምወጣ፣ በጽሑፍ ቁጥር የሚከፈለኝ ነፃ ጋዜጠኛ ነኝ። ስለ ኮምፒዩተር የማውቀው ኪሴ ያስተማረኝን ያህል ነው። ኪስ ደግሞ ሲያስተምር ይገርፋል።

ይህችን በእጄ የያዝኳትን ጥቁር ዕቃ ተመልከቷት። ሃርድ ዲስክ ናት። አራት ቴራባይት ትይዛለች። ይቅርታ… ትይዝ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ከአሜሪካ ያስመጣኋት ናት። አንድ ስሙን የማልጠራው ሻጭ «ሪፈርቢሽድ» ብሎ በኢንተርኔት ካወጣቸው ዕቃዎች መካከል እኔ መረጥኩ፣ ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ በካርዷ ከፍላ ገዛችልኝ። ዋጋዋ የአዲሱን ግማሽ አይሞላም። «ተፈትሿል፣ በሚገባ ይሠራል፣ የ90 ቀን ዋስትና አለው» ይላል ጽሑፉ። ደስ አለኝ። ማን ነው ደስ የማይለው?

ዲስኳ ሜሪላንድ በአራት ቀን ደረሰች። ከሜሪላንድ ቦሌ ለመድረስ ግን አራት ወር ፈጀባት። ሰው እስኪገኝ ነዋ! የአክስቴ ልጅ «የሚመጣ ሰው አገኘሁልህ» ስትለኝ የሰውየው ሻንጣ ሞልቷል፤ ሻንጣ ያለው ሲገኝ ደግሞ ጉዞው ይራዘማል። በመጨረሻ ለሠርግ በመጣች ሴት ሻንጣ ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልላ ደረሰችኝ። አሁን ልብ በሉልኝ። የ90 ቀኑ ዋስትና የት ነው ያለቀው? ሜሪላንድ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ! እኔ ዕቃዬን በእጄ ሳልነካት ሻጩ ከኃላፊነት ነፃ ወጥቷል።

ያን ጊዜ ግን ይህ ሁሉ አልታየኝም። የስድስት ዓመት ቃለ ምልልሶቼን በሙሉ ገለበጥኩባት። አሮጌው ላፕቶፔ ቦታ ጠቦት ስለነበር እዚያ ያለውን አጠፋሁ። በአምስተኛው ወር፣ አንድ ማለዳ፣ ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ… የሚል ድምፅ አሰማች። ከዚያች ቀን ወዲያ አልተከፈተችልኝም።

ከጠፉት መካከል አንዱ ድሬዳዋ ላይ የቀዳሁት የአንድ አዛውንት ድምፅ ነው። ዕድሜያቸውን በምድር ባቡሩ ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ ሰው ነበሩ። ሦስት ሰዓት ተኩል አውርተውኛል። እኔ በጋዜጣ ያወጣሁት ከዚያ ውስጥ አንድ ገጽ የማይሞላ ነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ልጃቸው ስልኬን አፈላልጋ ደወለችልኝ። «ለሙት ዓመቱ የአባባን ድምፅ ቤተ ሰቡ እንዲሰማው ብንፈልግ…» አለችኝ። ምን ልበላት? «እኅቴ፣ በርካሽ በገዛሁት ዲስክ ላይ አድርጌው ጠፋብኝ» ብዬ እውነቱን ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና «ይሁን፣ እግዜር ይስጥህ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ዲስኳን ተሸክሜ ሰፈራችን ወዳለው ጠጋኝ ሄድኩ። ጋሼ ነው የምለው፤ ከራዲዮና ከቴፕ ዘመን ጀምሮ እየጠገነ እዚህ የደረሰ ሰው ነው። ሲነካካት ቆይቶ ለጥቂት ደቂቃ ነፍስ ዘራችለት። ፋይል አላወጣላትም፤ አንድ ነገር ግን አነበበልኝ። ዲስክ በሠራ ቁጥር የሠራበትን ሰዓት በራሱ ማኅደር ውስጥ ይመዘግባል። የእኔዋ ከ41,000 ሰዓት በላይ ሠርታለች። በቀን 24 ሰዓት ስታካፍሉት አራት ዓመት ከስምንት ወር ሳታርፍ ማለት ነው! ጋሼ መነጽሩን አውልቆ «አንተ ልጅ፣ ምንም ሳትጭንባት በፊት ብታመጣት ይህን በአንድ ደቂቃ አይልህ ነበር እኮ» አለኝ። አዎ፤ አንድ ደቂቃ። ለአንድ ደቂቃ ስንፍና ነው የሰው አባት ድምፅ የጠፋው።

ጥፋቱ የሻጩ ብቻ ነው ብዬ አላለቅስም። ሰውየው «አዲስ ነው» አላለኝም። ስንት ሰዓት እንደሠራች አልጠየቅሁትም፣ እሱም አልነገረኝም። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ሻጭ ለመራገም አይደለም፤ ከእኔ የባሰ እንዳይደርስባችሁ ያየሁትን ላካፍላችሁ ነው።

ለመሆኑ «ሪፈርቢሽድ» ማለት ምን ማለት ነው? በእኛ ቋንቋ «የታደሰ» እንላለን። ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። «ቆራሌው!» እያለ በየሰፈሩ የሚዞረው ልጅ የሰበሰበው ቆርቆሮ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገብቶ ኩባያና ማንደጃ ሆኖ ይወጣል። የመኪና ጎማው በረባሶ ይሆናል። ልባሽ ጨርቅ ያልለበሰ ከመካከላችን ማን አለ? እኔ አሁን የለበስኩት ኮት ራሱ የት እንደተሰፋ አላውቅም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ልባሽ ኮት ስትገዙ ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ ቀዳዳውን ታያላችሁ፣ ብብቱን ትፈትሻላችሁ፣ ዚፑን ከፍ ዝቅ ታደርጋላችሁ። በኢንተርኔት የሚሸጥ የኮምፒዩተር ዕቃ ግን ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ ወደ ፀሐይ ቢያነሡት ምን ያሳያል?

ውጭ አገር ይህ ንግድ ሥርዓት ያለው ነው። ትላልቅ ኩባንያዎች ላፕቶፕና ሰርቨር ገዝተው ወይም ተከራይተው በሦስትና በአራት ዓመት ይለውጣሉ። የሚለውጡት ስለተበላሸ አይደለም፤ የሒሳብ መዝገባቸው ስላለቀለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ደንበኛ ገዝቶ «ቀለሙ አልተስማማኝም» ብሎ የመለሰው ነው። ይህ ሁሉ ተሰብስቦ ይጸዳል፣ ይፈተሻል፣ የጎደለው ይተካል፣ በርካሽ ይሸጣል። ኢቤይ የተባለው ትልቁ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለተመረጡ የታደሱ ዕቃዎች የሁለት ዓመት ዋስትና ይዞ ብቅ አለ። አማዞን በበኩሉ ለታደሱ ዕቃዎቹ የ90 ቀን የመመለሻ ዋስትና ይሰጣል። እንግዲህ የዋጋው ርካሽነት ትርጉም የሚኖረው ከዚህ ዋስትና ጋር ነው። እዚያ ያለው ሰው የሚገዛው ዕቃ ብቻ አይደለም፤ «ካልሆነልኝ እመልሳለሁ» የምትለዋን መብት ጭምር ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ዕቃው ይመጣል፣ መብቷ እዚያው ትቀራለች። ዋጋው ላይ ግን ተቀንሶልን አያውቅም!

ሌላ የሚያሳስት ነገር አለ። «ግሬድ ኤ»፣ «ግሬድ ቢ» የሚሉትን አይታችኋል። ብዙ ሰው ይህን የጤና ማዕረግ አድርጎ ይወስደዋል። አይደለም! በአብዛኛው ግሬድ የሚናገረው ስለ መልኩ ነው። ጭረት አለው ወይስ የለውም፣ ክዳኑ ጠልዟል ወይስ አልጠለዘም። ውስጡ ለሞት የተቃረበ ዕቃ ፊቱ ካማረ «ግሬድ ኤ» ሊባል ይችላል። «ፎር ፓርትስ» የሚል ካያችሁ ደግሞ አትነካኩት፤ አይሠራም፣ ለመለዋወጫ ብቻ ነው ማለት ነው። እኔ የማውቀው አንድ ልጅ «ፓርት ነው የምፈልገው» ብሎ ገዝቶ የሞተ ማዘርቦርድ ታቅፎ ቀርቷል። ምን ያድርግ፣ እንግሊዝኛው አሳሳተው።

ታዲያ «ይህ ሁሉ ጣጣ ካለው ለምን አዲስ አንገዛም?» የሚል ይኖራል። ወንድሜ፣ በምን ብር? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የደመወዝተኛው ደሞዝ እንደዚያ አልዘለለም። በዚያ ላይ ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 ድጋፉን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የጥበቃ ቺፕ ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ዘሮችም ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ጤነኛ የሆኑ ላፕቶፖች በውጭው ዓለም ከየቢሮው እየወጡ ነው። አንዳንዱ ሻጭ ስድስተኛ ትውልድ ላፕቶፕ ላይ ዊንዶውስ 11 በማታለያ ጭኖ «አዲሱ ዊንዶውስ ያለው» ብሎ ያስተዋውቃል። ስትገዙ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ጠይቁ። ኮር አይ ፋይቭ መሆኑ ብቻ ምንም አይነግራችሁም፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው ዕድሜውን የሚናገረው። 6300 ብሎ የሚጀምረው ስድስተኛ ነው፣ 8250 የሚለው ስምንተኛ ነው። ሊኑክስ መጠቀም ለሚችል ግን ስድስተኛውም በደንብ ያገለግላል፤ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ዕቃ በርካሽ ማግኘት ጥሩ ዕድል ነው።

ጥቅሙን ካልተናገርኩ ሐቀኛ አልሆንም። የእኅቴ ልጅ አካውንቲንግ ትማራለች። የምትጠቀምበት ላፕቶፕ በአራት ጊጋባይት ራም የሚያቃስት፣ ሲከፈት ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ አቦል እስኪወርድ የሚያስጠብቅ ነበር። ከአንድ ሌላ ላፕቶፕ የወጣ ስምንት ጊጋባይት ራም አገኘሁላት፤ አዲስ ኤስኤስዲ ጨመርኩበት። አሁን ከግማሽ ደቂቃ በታች ይከፈታል። ያ ራም ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። አዲስ ላፕቶፕ ብንገዛላት ኖሮ እናቷ ዕቁቧን ሁለት ዙር ትሰጥ ነበር።

እዚህ ላይ ሠልጣኞች የሆናችሁ ጆሯችሁን ስጡኝ። ሁሉም ዕቃ እኩል አያረጅም። ራምና ፕሮሰሰር የሚንቀሳቀስ አካል የላቸውም፤ ካልተቃጠሉ ወይም እግራቸው ካልተጣመመ ለብዙ ዓመት ይሠራሉ። ራም ስትገዙ ሜምቴስት 86 የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጭናችሁ ሌሊቱን ሙሉ አሠሩት። መብራት ካለ ማለቴ ነው! አንድ ስሕተት ካሳየ መልሱት። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ግን ለጠላትም አይሰጥ። ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች በሙቀት እያረጁ ይሄዳሉ፤ ሲሞትም ብቻውን አይሞትም፣ ሌላውን ይዞ ይሄዳል። የእኛ መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ መገመት ነው። የላፕቶፕ ባትሪም እንደዚሁ። ለብቻው የታሸገ ሊቲየም ባትሪ ከእ.ኤ.አ. 2016 ወዲህ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት እንዳይሄድ በዓለም አቀፍ ደንብ ተከልክሏል። ስለዚህ «ባትሪ ለብቻው በአውሮፕላን ጭነት አስመጣለሁ» የሚላችሁን ሰው በየት በኩል እንደሆነ ጠይቁት።

ግራፊክስ ካርድ የራሱ ታሪክ አለው። ኤቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ይቆፈር በነበረበት ጊዜ በዓለም ዙሪያ ቁጥር ስፍር የሌለው ካርድ ሌት ተቀን ሲነድ ከረመ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2022 ኤቴሪየም አሠራሩን ሲለውጥ ቁፋሮው በአንድ ቀን ቆመ። እነዚያ ሁሉ ካርዶች የት ሄዱ? ገበያ ወጡ። ሁሉም መጥፎ ናቸው አልልም፤ በአግባቡ የተያዘ ካርድ ቁፋሮም አይገድለውም። ማራገቢያው ግን ደክሟል፣ በቺፑና በብረቱ መካከል ያለው ቅባት ደርቋል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በትንሽ ገንዘብ ይለወጣሉ። ዋጋው ይህን ያገናዘበ ከሆነ ተደራድሮ መግዛት ነው።

ወደ ዲስክ ልመለስ፤ የቆሰልኩት በእሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2021 ቺያ የተባለ ሌላ ዲጂታል ገንዘብ መጣ። ይኸኛው የሚቆፈረው በዲስክ ነው። በተለይ ቻይና ውስጥ ሰዎች ትላልቅ ዲስኮችን በብዛት ገዝተው ደረደሩ። ቺያ ትርፉ ሲቀንስ ዲስኮቹ ተነቀሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ሃይሴ የተባለው የጀርመን የቴክኖሎጂ ዜና ድረ ገጽ አንድ ጉድ አወጣ። ሲጌት የተባለው ኩባንያ የሚሠራቸው ኤክሶስ የተሰኙ ትላልቅ ዲስኮች «አዲስ» ተብለው ተሸጠው ሲመረመሩ ያገለገሉ ሆነው ተገኙ። ከገዢዎች በተሰበሰበው መረጃ ብዙዎቹ ከ15,000 እስከ 50,000 ሰዓት የሠሩ ናቸው። 50,000 ሰዓት ከአምስት ዓመት ተኩል በላይ ነው! ምንጫቸው የቺያ ቁፋሮ ሳይሆን እንዳልቀረ ተጠረጠረ። አምራቹ ኩባንያ «እኔ አልሸጥኩም» ብሎ ምርመራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ማሌዥያ ውስጥ ኳላ ላምፑር አጠገብ አንድ መጋዘን ተፈትሾ ያረጁ ዲስኮች ተጸድተው፣ አዲስ ምልክት ተለጥፎባቸው ተገኙ።

እንዴት ነው የሚያታልሉት? ዲስክ «ስማርት» የሚባል የራሱ መዝገብ አለው፤ ጋሼ ያነበበልኝ እሱን ነው። አጭበርባሪዎቹ ይህን መዝገብ ወደ ዜሮ ይመልሱታል። ኪሎ ሜትሩ ወደ ኋላ የተጠመዘዘ መኪና ማለት ነው፤ የእኛ ሰው ይህን ለማስረዳት አይቸገርም። ሲጌት ግን ሁለተኛ መዝገብ አለው፤ «ፋርም» ይባላል። አጭበርባሪዎቹ የመጀመሪያውን ሲሰርዙ ሁለተኛውን ረስተውት ነበር። ስማርትሞንቱልስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ሁለቱንም ያነባል። ሁለቱ መዝገቦች ካልተስማሙ ሌባው ተያዘ! ለተራው ተጠቃሚ ደግሞ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ የሠራበትን ሰዓት፣ የተበላሹ ቦታዎችን ብዛት፣ የኤስኤስዲ ቀሪ ዕድሜ በመቶኛ ያሳያል።

ሰዓት መብዛቱ ብቻ ግን የሞት ፍርድ አይደለም። ባክብሌዝ የተባለ የአሜሪካ የመረጃ ማከማቻ ድርጅት የዲስኮቹን ብልሽት ለሕዝብ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓመቱ የተበላሹት 1.57 በመቶ ነበሩ። ከመቶ አንድ ሁለት ማለት ነው። ብዙዎቹ ለዓመታት የሠሩ ናቸው። ነገር ግን እነሱ ጋ አንዱ ዲስክ ቢሞት መረጃው በሌሎቹ ላይ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። እኔ ጋ አንድ ዲስክ ሞተ፤ አለቀ። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው። ያገለገለ ዲስክ ለሁለተኛ ቅጂ ግዙ። ብቸኛ ቅጂያችሁን ግን አዲስም ቢሆን ለአንድ ዲስክ አትስጡ።

ስለ ፍላሽና ስለ ኤስኤስዲ በአጭሩ። «16 ቴራባይት በ20 ዶላር» የሚል ማስታወቂያ አይታችሁ ከሆነ ውሸት ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሲከፈት ውስጡ ትንሽ የሚሞሪ ካርድ ተለጥፎ ይገኛል። ለኮምፒዩተሩ «16 ቴራባይት ነኝ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ተቀናብሯል። ትሞሉታላችሁ፣ ይቀበላል፤ መልሳችሁ ስታነቡት ባዶ ነው። ኤችቱ ቴስት ደብሊው የተባለው የጀርመኖች ፕሮግራም እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ውሸቱን ያጋልጣል።

አሁን ደግሞ ወደ አገር ቤት። መገናኛና ቦሌ ባሉ ሱቆች፣ በቴሌግራምም፣ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባለ ብዙ ዕቃ ይሸጣል። ብዙዎቹ ነጋዴዎች ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ዕቃው ከዱባይ ሲመጣ እነሱም ፎቶግራፍ አይተው ነው የገዙት። ደረሰኙ ሥር ግን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትል መስመር አለች። አንዳንዱ ማኅተም አስቀርጾላታል። እናንተ ከሜሪላንድ ካስመጣችሁት ዕቃ ይልቅ እዚሁ የምትገዙት አንድ ትልቅ ብልጫ አለው፤ ከመክፈላችሁ በፊት ማየት ትችላላችሁ። «ክፈትልኝ፣ ሰዓቱን አሳየኝ» በሉ። ሻጩ ከተቆጣ ሌላ ሱቅ ሞልቷል። የምትገዙት ላፕቶፕ ከሆነ ኢንተርኔት አገናኙና ዊንዶውሱን እንደ አዲስ አስነሡት። ለምን? አንዳንዱ ላፕቶፕ ከኩባንያ መዝገብ ሳይሰረዝ የወጣ ነው። ቤት ወስዳችሁ ከኢንተርኔት ጋር ባገናኛችሁ ቀን «ይህ ንብረት የእገሌ ድርጅት ነው፣ የይለፍ ቃል አስገባ» ብሎ ይቆለፋል። ባዮሱ በይለፍ ቃል የተቆለፈም አለ። አፕል ደግሞ የቀድሞው ባለቤት መለያ ካልወጣለት ወረቀት መጫኛ ሆኖ ይቀራል።

ሕጉስ ምን ይላል? በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የዕቃን አዲስነት፣ ያገለገለ ወይም እንደገና የተሠራ መሆኑን በትክክል አለመግለጽን ከተከለከሉ የንግድ ድርጊቶች መካከል አስቀምጦታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ በሚሸጠው ዕቃ ላይ ላለው ጉድለት ዋስ እንደሚሆን ይናገራል። ጥሩ ነው። ግን ማነው ለአንድ ራም ብሎ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው? ስለዚህ ቢያንስ ደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር አስጽፉ፦ ያገለገለ መሆኑን፣ የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ ሻጩ የሰጠውን የዋስትና ቀን። ቃል ይጠፋል፣ ወረቀት ግን ይቀራል። ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ዘመድ እዚያው እንዲሞክርላችሁ ለምኑ። የአክስቴ ልጅ አሁን ተምራለች፤ ዕቃው በደረሰ ማግሥት በራሷ ኮምፒዩተር ላይ ሰክታ የስማርቱን ገጽ ፎቶግራፍ አንሥታ ትልክልኛለች። ባለፈው ዓመት አንዱን ዲስክ በሦስተኛው ቀን አስመለሰችልኝ። «አንተ እኮ የእኔን ቤት ላቦራቶሪ አደረግኸው» ትለኛለች። እግዜር ይስጣት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ልበልና ልውረድ። እስካሁን ስለ መግዛት ነው ያወራሁት። ከእናንተ መካከል ግን የሚሸጥም አለ። አሮጌ ላፕቶፓችሁን ስትሸጡ ዲስኩስ? እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሁለት የኤምአይቲ ተማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። 158 ያገለገሉ ዲስኮችን ከኢቤይና ከሌላ ቦታ ገዝተው ነበር። 129ኙ ሠሩ። ከእነዚህ ውስጥ በትክክል የታጠቡት 12 ብቻ ነበሩ! በሌሎቹ ላይ የሕክምና ደብዳቤ፣ የፍቅር ደብዳቤ፣ ከ5,000 በላይ የክሬዲት ካርድ ቁጥር ተገኘ። ብዙዎቹ ባለቤቶች «ደምስሻለሁ» ብለው ነው የሸጡት። ፋይል መደምሰስ ማለት ከመጽሐፉ ላይ ማውጫውን መቅደድ ነው፤ ገጾቹ እዚያው አሉ። የእናንተ መታወቂያ ፎቶግራፍ፣ የባንክ ደብተራችሁ፣ የልጆቻችሁ ምስል እዚያ ላይ አለ። በእኔ ሥራ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ «ስሜን እንዳትጠራ» ብሎ ያወራኝ ሰው ድምፅና ስልክ ቁጥር ነው ያለው። የእኔን ላፕቶፕ በርካሽ የገዛ ሰው የእሱን ደኅንነት አብሮ ይገዛል። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ በሌላ መረጃ ሙሉት፤ ኤስኤስዲ ከሆነ በአምራቹ ፕሮግራም አጽዱት፤ ሁለቱም ካልሆነላችሁ ዲስኩን አውጥታችሁ ላፕቶፑን ያለ ዲስክ ሽጡት። ዋጋው ትንሽ ይቀንሳል፤ ይቀንስ።

ይህችን የእኔዋን ዲስክ አልሸጥኳትም። ጋሼ «መርፌዋ ነው የሄደችው፣ ውጭ አገር ቢላክ የሚያወጣ ቤተ ሙከራ አለ» ይለኛል። የጠየቁኝ ዋጋ ከአዲስ ላፕቶፕ ይበልጣል። እያጠራቀምኩ ነው። እስከዚያው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣታለሁ፤ ሠልጣኞች ቀርባችሁ እዩዋት፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን የተለጠፈ ወረቀት በደንብ አንብቡት። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።